የጽዋ ወንድሜና የይለፍ ቃሉ

በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅተን ለላሊበላ እንግዶች የስልክ መተግበሪያ ልንሠራ በተነሣን ጊዜ፣ እኔና ጓደኛዬ መጀመሪያ የተከራከርነው በመንደፊያው ሶፍትዌር ነበር። የገጾቹን መልክ የምነድፈው እኔ ነኝ፤ እሱ አንደበቱ ስለሚቀና ሆቴሎችን ያነጋግራል። እኔ የመረጥሁት ኮምፒውተር ላይ የሚጫነውን ነው፤ ኔትወርክ ቢሄድም ሥራዬ እጄ ላይ ይቀራል። ክፋቱ፣ በአማርኛ ስጽፍበት ባዶ ሳጥን ይደረድርልኛል። እሱ በኢንተርኔት የሚሠራውን መረጠ። ፊደላችንን ያውቃል፣ ሁለት ሰውም ባንድ ገጽ ይሠራበታል።

«እናትህ ዘንድ ሙጃ ሄደህ ብትስል እንኳ እኔ እዚህ ሆኜ አየዋለሁ» አለኝ።

ተረታሁ። አካውንቱን በስሙ ከፍቶ የይለፍ ቃሉን ነገረኝ። በእኔም ስም ይመዝገብ አላልሁም። ወር በገባ በሃያ አንድ የማርያምን ጽዋ አብረን እንጠጣለን፤ የጽዋ ወንድምን እንዲህ ብሎ መጠየቅ ነውር መሰለኝ።

የመጀመሪያው ገጽ ላይ ጫማ ሳልሁ፤ እንግዳው እሱን ነክቶ ወደ አብያተ ክርስቲያናቱ ገጽ ይገባል። የሳልኋት የአክስቴን ኮንጎ ጫማ ነው፣ ማሰሪያዋ በሽቦ የተጠገነችውን። አክስቴ በቤተ ክርስቲያን በር ላይ እንግዶች የሚያወልቁትን ጫማ ትጠብቃለች።

ሰባት ወር ደከምሁበት። አንድ ሰኞ ጠዋት የይለፍ ቃሉ አልሠራም አለ። ብደውልለት «ኔትወርኩ ነው ወንድሜ፣ ታገሥ» አለኝ። እኔ ጅሉ ታገሥሁ።

ሁለት ወር ቆይቶ አንድ አስጎብኚ አክስቴ ዘንድ ቆሞ ስልኩ ላይ አዲስ የላሊበላ መተግበሪያ አሳየኝ። አዲስ አበባ ያለ ድርጅት ያወጣው ነው፣ የነደፈውም የእኛው አገር ልጅ ነው ብሎ የጓደኛዬን ስም ጠራ። አክስቴ አንገቷን አስግጋ አየች።

«እንዴ፣ ይቺ የኔ ጫማ አይደለችም? ከነሽቦዋ።»

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል እሰማ ነበር። ከሥራው መወሰድ ይልቅ ያቃጠለኝ ግን ያ «ታገሥ» ያለኝ ነገር ነው።

በሃያ አንድ ምንም እንዳልተፈጠረ መጣና አጠገቤ ተቀመጠ። የማኅበሩ ሙሴ፣ መሪያችን ሽማግሌው ቄስ፣ ተቀያይሞ ጽዋ አይጠጣምና እንደ ልማዳቸው የተቀያየመ እንዳለ ጠየቁ።

«የለም አባ፣ ፍቅር ነን» አለ እሱ፣ ማንም ሳይቀድመው።

ጽዋው ከእሱ አፍ ወደ እኔ ሲዞር፣ ሳልቀምስ አሳለፍሁት።

«ምነው ልጄ፣ አመመህ?» አሉኝ አባ።

«አይ አባ፣ የይለፍ ቃሉ ተቀይሮብኝ ነው» አልኋቸው።

እሳቸው አልገባቸውም። እሱ ግን ጽዋው ዞሮ እስኪያልቅ ቀና ብሎ አላየኝም።