ስም የሌላት አስማተኛ

ባለፈው እሑድ የእህቴ ልጅ ስልኩ ላይ ጨዋታ ከፍቶ «አክስቴ፣ ከነዚህ አስማተኞች የትኛውን ልሁን?» ብሎ ጠየቀኝ። እሳት የሚተፋ፣ በረዶ የሚያዘንብ፣ ሙት የሚያስነሳ በየዓይነቱ ተደርድሯል። «የፈለግኸውን ሁን» ብዬው ወደ ጓዳ ገባሁ። የተናደድሁት በእሱ አይደለም። እኔም በእሱ ዕድሜ አስማተኞችን በየዓይነታቸው ለይቼ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የሆነው ትዝ ሲለኝ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

ልጅ እያለሁ መቐለ፣ ሓድነት የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ በአደይ ለተብርሃን ግቢ ተከራይተን እንኖር ነበር። እናቴ ከጎንደር በዝውውር መጥታ መሥሪያ ቤት ውስጥ ጸሐፊ ነበረች። የግቢውን መግቢያ ክፍል የተከራዩት ደግሞ የወሎው ሰው ጋሽ ይማም ከነቤተሰባቸው ናቸው። በርና መስኮት ይበይዳሉ። የተቃጠለው ብረትና የትኩሱ ቀለም ሽታ ከትምህርት ቤት ስመለስ ገና ከመንገድ ይቀበለኝ ነበር፤ እወደው ነበር።

ከልጃቸው ከዘሃራ ጋር አንድ አገር ፈጠርን። የአገሩ ሰው ሁሉ አስማተኛ ነው። እሷ ትሥላለች፣ እኔ እጽፋለሁ። በማዕረግ የሚበልጡት ውኃ ጠሪዎቹ ነበሩ፤ ውኃውን ከከተማው ዳር፣ ከዓይናለም ጉድጓድ እየጎተቱ እኛ ግቢ ቧንቧ ድረስ ያመጡታል። ጀሪካን ተሸክሞ ያደገ ሰው ለምን እንደበለጡ ይገባዋል። እኔ ከነሱ ነበርሁ። ነፋስ ጋላቢዎችም ነበሩ። ዘሃራ ብረት አለስላሽ ሆነች፤ ብረቱ በእጇ እንደ ሊጥ ይታዘዝላታል። የአደይ ለተብርሃን የስድስት ዓመት ልጅ ሃፍቶም ካላስገባችሁኝ ብሎ ስላለቀሰ ድንጋይ አናጋሪ አደረግነው።

ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ማንኛውም አስማተኛ የምስጢር ስም ሊኖረው ይገባል አልሁ። እናቴ የክርስትና ስም ለሰው አይነገርም፣ ክፉ ሰው ካወቀው ይደግምበታል እያለች ነው ያሳደገችኝ፤ ከዚህ የበለጠ ምስጢር ከየት ይመጣል? የራሴን ጻፍሁ። ሃፍቶም የእሱን በጆሮዬ ነገረኝ፣ እሱንም ጻፍሁ። ዘሃራ ሙስሊም ናት፣ የክርስትና ስም የላትም። «ግድ የለም፣ አስቤ እነግርሻለሁ» አለችኝ። ከሥዕሏ ሥር ያለው ቦታ ባዶ ቀረ፤ ደብተሩም እሷ ዘንድ ይቀመጥ ነበር።

ከዚያ ሃፍቶም ታመመ። በሦስተኛው ቀን በትኩሳቱ መሀል «ስሜ ዘሃራ ጋ ደብተር ላይ አለ» አለ። አደይ ለተብርሃን የሰፈሩን ሴቶች አስከትለው እኔና ዘሃራ ወዳለንበት ወደ ብየዳው ቤት መጡ። ዘሃራ ሥዕሏን ሊያዩላት የመጡ መስሏት እየሮጠች ደብተሩን አውጥታ ሰጠቻቸው። ከሁሉም ይቺን ነው የማልችላት።

«እንታይ እዩ፣ ምንድን ነው ይሄ?» አሉ አደይ ለተብርሃን ገጹን እየገለጡ። «የኛን ልጆች የክርስትና ስም ጽፋ፣ የራሷን ደብቃለች። ድሮስ ብረት ቀጥቃጭ ቡዳ መሆኑን መች አጣነው።»

«የልጆች ጨዋታ እኮ ነው አደይ» አሉ ጋሽ ይማም፣ የብየዳ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ እንደሰቀሉ።

ዘሃራ ወደ እኔ ዞራ «ንገሪያቸው» አለችኝ። ዝም አልሁ።

እናቴ ከሥራ ስትመለስ ደረሰችና ደብተሩን ሰጧት። ገጽ በገጽ አገላብጣ መለሰችላቸው። ከዚያ እጄን ይዛ ወደ ቤት እየወሰደችኝ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» አለችኝ።

ሃፍቶም ክሊኒክ ተወሰደና ታይፎይድ ነው ተባለ፤ በመድኃኒት ዳነ። ይቅርታ የጠየቀ ግን አልነበረም። እነ ጋሽ ይማም በሳምንቱ ክፍሉን እንዲለቁ ተደርገው ስለነበር፣ ልጁ የዳነው ቡዳው ስለወጣ ነው ተባለ። ዕቃቸው ጋሪ ላይ ሲጫን በመስኮት አየሁ። ጋሽ ይማም «አብሽሪ ልጄ» ይሏታል፤ ዘሃራ አታለቅስም ነበር፣ የእኛን በር ነበር የምታየው።

አሁን የእኔ ዕድሜ ሰዎች ሲሰበሰቡ «ድሮ ፍቅር ነበር፣ ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ነበር» ሲሉ ተነሥቼ እወጣለሁ። የቱ ጎረቤት? ልጅ ከነአባቷ በአንድ ከሰዓት ቡዳ ያደረገው?

ባለፈው ዓመት ለእናቴ ነገርኋት። ስሞቹን የጻፍሁት እኔ ነኝ አልኋት፣ ይህን ሁሉ ዘመን ደብቄሽ ኖርሁ አልኋት። ምስር ትለቅም ነበር፤ ቀናም አላለች።

«የአንቺ ጽሕፈት ጠፍቶኝ ነው?» አለችኝ። «ብናገር ኖሮ የምንወጣው እኛ ነበርን። እኛስ ያው ተከራይ አልነበርን?»

ጮኽሁባት። በሕይወቴ እናቴ ላይ ጮኼ አላውቅም ነበር። እሷም ጨርሼ እስክወጣላት ምስሯን ለቀመች።

እሷን መቆጣት ቀላል ነው። እኔ ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርሁ፣ ፈርቼ ነው እላለሁ። ዛሬ ሠላሳ አልፎኛል። ጋሽ ይማም ዓይናለም መውጫ ላይ ብየዳ ቤት እንደከፈቱ፣ ዘሃራም አብራቸው እንደምትሠራ ካወቅሁ አምስት ዓመት ሆኖኛል። ለሥራ የምሳፈርበት ሚኒባስ በየቀኑ በደጃቸው ያልፋል። ረዳቱ «ወራጅ አለ?» ይላል፣ እኔም ዝም እላለሁ።