የአባቴ ተራ

ሆሳዕና መናኸሪያው አጠገብ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። «ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች» ይላሉ፤ የእኔ ባሰ፣ አባቴን ነው በገል ያበላሁት።

አባቴ ፎንቆ ከተማ ታሪክ ሲያስተምር ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነበር። ልቡን ታሞ ቤት ሲውል ጊዜ፣ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ የጥንት ነገሥታት የሚዋጉበት ጌም ጫንኩለት። አንድ ዙር እሱ ይጫወታል፣ ቀጥሎ ኮምፒውተሩ በጠላት ንጉሥ ፈንታ ይጫወታል። መጀመሪያ «የልጅ ነገር!» ብሎ ሳቀብኝ። ሳምንት ሳይሞላው የጌሙን ከተሞች በአገራችን ከተሞች ስም ሾኔ፣ ዳምቦያ ብሎ ሰይሞ እናቴን ስለ ግብር ያማክራት ጀመር። «ንጉሥ ሆይ፣ መድኃኒትህን ዋጥ» ትለው ነበር።

ከዚያ ጌሙ ታመመ። የኮምፒውተሩ ተራ ሲደርስ ድርቅ ብሎ ይቀራል። ዝጋና እንደገና ክፈተው ብለው፣ ወይ ፍንክች! የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፤ ስንቱን ባልና ሚስት ሲያስታርቅ የሰው ንግግር አቋርጦ አያውቅም። «ተራው የእሱ ነው፣ ይጨርስ» ይልና እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል።

አንድ ቀን ግን፣ «መቼ ታይልኛለህ? ይቺን ጦርነት ሳልጨርስ እንዳልሄድ» አለኝ።

«ነገ፣ አባባ።»

ስንት ነገ ሰጠሁት! ሱቅ ውስጥ ደንበኛ ቆሞብኝ ነው እል ነበር። እሱም አልጨቀጨቀኝም፤ ኮምፒውተሩን እንደጠበቀው እኔንም ጠበቀኝ። በዚያው ሰሞን አረፈ።

ለቀስተኛው ሄዶ ድንኳኑ ሲፈርስ ላፕቶፑን ከፈትኩት። ለአሮጌው ማሽን ከብዶ ያደረቀውን፣ የጠላት ሠራዊት ሲጓዝ የሚያሳየውን ምስል አጠፋሁና አባባ ካቆመበት አስቀጠልኩት። ይኸው ነው። የያዝኩት ሻይ እንኳ አልቀዘቀዘም። ጠላት ተራውን በአንድ ጊዜ ጨረሰ። ምነው እጄን በቆረጠው ብዬ አለቀስኩ።

እናቴ ሰምታኝ መጣች። የሐዘን ነጠላዋን ገና አላወረደችም።

«ምን ይላል?» አለች ላፕቶፑን እያየች።

«የአባባ ተራ ነው ይላል።»

ልዘጋው እጄን ስዘረጋ ያዘችኝ።

«ተው ልጄ» አለች። «እሱ የማንንም ተራ አልነጠቀም።»