ባዶዋ ፖስትካርድ

የጋለ ካውያ እርጥብ ጥጥ ሲነካ የሚወጣው ሽታ በስደት በኖርንባት በስማይርና ከተማ ወደነበረው አፓርታማችን ይመልሰኛል። የሰማንያዎቹ ዓመታት ነው፤ ልጅ ነኝ። የፈረንጆች ገና ሲቃረብ እናቴና ጎረቤታችን ሚስ ሩት ከብርድ ልብስ ስፌት በተረፈ ጨርቅ፣ ባሕር ማዶ ላሉ የሚስ ሩት አገር ወታደሮች ፖስትካርድ ይሠሩ ነበር።

እናቴ ለእያንዳንዱ ወታደር ሁለት ትሰፋለች፤ አንዷ ላይ መልካም ምኞት ታስጽፈኛለች፣ ሌላዋን ባዶ ትተዋለች። ሚስ ሩት፣ አንድ ይበቃል፣ ጨርቁ ያልቃል አለች። አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ።

«ባዶዋ ለእናቱ የሚጽፍባት ናት በያት» አለች እናቴ፣ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል።

«ወረቀት የለውም እንዴ?» አልኳት።

ካውያውን አንስታ ጨርቁ ላይ ተጫነችው። «ወንድሜ ወረቀት አጥቶ ይሆናል» አለች።

አጎቴ አገር ቤት ዘምቶ እንደነበር ብቻ ነበር የማውቀው፤ ለአያቴ አንድም ደብዳቤ እንዳልደረሳት የሰማሁት ኋላ ነው። ወረቀት እንኳ የሌለው ምን ዓይነት ጦር ነው ብዬ ተገረምኩ፤ እንዳለችውም ተረጎምኩት። ሚስ ሩት መቀሷን አንስታ ሁለት ሁለት መቁረጥ ጀመረች።

አሁን የምንሰፋው ሮዝዌል ከተማ፣ በእኔ ሳሎን ውስጥ ነው። ለመስፋት አዲስ የመጡት ሴቶች አንድ ይበቃል ይሉኛል። አልከራከራቸውም፤ ባዶዋን አስቀድሜ እቆርጣለሁ።