ለጋሼ የሰጠናቸው የፊት ቦታ

ዓርብ ጠዋት የአፉላ ማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያ በወታደር ይሞላል፤ ሁሉም ለሰንበት ወደ ቤቱ የሚወስደውን አውቶቡስ ይጠብቃል። እኛ ደግሞ ከጣቢያው ጎን ስድስት ሳይክል ግንብ ላይ አስደግፈን፣ ጋሼ ጎማችንን እስኪያዩልን እንቆማለን። ስድስታችንም ከጎንደርና ከጎጃም የመጣን፣ ፀጉራችን ወይ የሸበተ ወይ በቀለም የተሸፈነ ሰዎች ነን። የኔ በቀለም የተሸፈነው ነው፤ ምን እደብቃለሁ።

ጋሼ የምንላቸው የሁላችንም ታላቅ ናቸው። ወደ ሰባ እየተጠጉ ነው። ዕድሜያቸውን በኢንዱስትሪ ቀጠናው ብረት ሲበይዱ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። የጎማ መለኪያ የሚባል ነገር አይዙም፤ በአውራ ጣታቸው ጫን ያደርጉና «ይሄ ጠግቧል»፣ «ይሄ ርቦታል» ይላሉ። የራበውን፣ በጨርቅ ጠቅልለው በሚይዟት አሮጌ ፓምፕ ራሳቸው ይሞሉታል። ፓምፗን ለሰው አይሰጡም። አንድ ጊዜ እኔ ልሙላ ብዬ እጄን ብዘረጋ፣ ልጃቸውን ልነጥቃቸው የመጣሁ ይመስል ነው ያዩኝ።

እኔ ሳይክል የተማርኩት በአርባ ስድስት ዓመቴ ነው። ቀኑን ሙሉ ቆሜ አትክልት የማሽግበት ፋብሪካ ጉልበቴን ጨረሰው። ሐኪሙ ዋና ጀምሪ አለኝ። ዋና! እኔ እንኳን ልዋኝ ገንዳው ጠርዝ ላይ መቀመጥም ያስፈራኛል። አንድ ቀን ከሚሽመሬት፣ ከፈረቃዬ ማለቴ ነው፣ ስወጣ ጋሼ ጀርባቸውን ቀጥ አድርገው በሳይክል በፋብሪካው በር ሲያልፉ አየሁና ጮኼ አስቆምኳቸው። ምን እንደምላቸው እንኳ አላሰብኩም ነበር። እኔንም ያስተምሩኝ አልኳቸው። ሌላ ሰው ቢሆን ይስቅብኝ ነበር፤ እሳቸው ግን ቁመቴን ለክተው፣ ለአንቺ የሚሆን ሳይክል እንፈልጋለን ብቻ አሉኝ።

የዓርቡ ጉዞ ያኔ ገና አልተጀመረም። ፋብሪካዎቹ ሲዘጉ ባዶ በሚቀረው የመኪና ማቆሚያ ወሰዱኝ። ኮርቻውን ከኋላ ያዙና «እኔ ከኋላሽ ነኝ፤ አንቺ ፊት ፊቱን ብቻ እዪ» አሉኝ። ወደ ስድሳ የተጠጉ ሰው ከኋላዬ ሲሮጡ ትንፋሻቸው ይሰማኛል። ልጆቼ ሆዳቸውን ይዘው የሳቁበትን ነገር እሳቸው ቁም ነገር አደረጉት። ስወድቅ አይደነግጡም። ያነሱኝና አቧራዬን ሳላራግፍ ምክር ይጀምራሉ። ውሃ ሳይጠማሽ ጠጪ፤ ከጠማሽማ ቆይቷል። ኮርቻሽን ዝቅ አታድርጊ፤ እግርሽ ካልተዘረጋ የሚያልቀው ጉልበትሽ ነው። ካቴናውን ዘይት ከቀባሽ በኋላ ትርፉን በጨርቅ ጥረጊው፤ ዘይት የበዛበት ካቴና አቧራ ይሰበስባል። ቁልቁለት ላይ የፊቱን ፍሬን ብቻ እንዳትይዢ፣ በአፍጢምሽ ትደፊያለሽ። ዛሬም ሳይክል ልጀምር ነው የሚለኝ ሰው ሁሉ ከኔ የሚሰማው ይህንኑ ነው። አንዲት ቃል አልጨመርኩበትም።

እኔን ያዩ ሌሎች መጡ፤ እንዲህ እንዲህ እያልን ስድስት ሆንን። መንገዳችን ሁልጊዜ አንድ ነው። ከአፉላ ወደ ምሥራቅ፣ በቤት ሸዓን አቅጣጫ፣ በእርሻው መካከል። ሲሄዱ መንገዱ ቀስ እያለ ወደ ታች ስለሚወርድ ማንም አይደክመውም። መንገዱ ዳር ያለች ምንጭ ጋ ስንደርስ ባሕር ዛፍ ሥር አረፍ ብለን ዳቦና ቴምር እንበላለን። ጣጣው መልሱ ነው። ረፋዱ ላይ ከባሕር በኩል ነፋስ ይነሳና እስከ አፉላ ድረስ ፊት ለፊት ይገጥማል።

የምንሄደው በአንድ መስመር ነው፤ ተራችንም በዕድሜ ነው። ጋሼ ፊት፣ ከሳቸው ቀጥሎ የከተማ አውቶቡስ የሚነዳው ጓደኛችን፣ እኔ ሦስተኛ፣ ሌሎቹ ከኔ በኋላ። ይህን ማንም ተሰብስቦ አልወሰነውም። ትልቅ ሰው በር ላይ ሲገጥምህ ይቅደሙ ትላለህ፤ ሳይክል ላይ ሲሆን ምን ይለወጣል? ለጋሼ ጀርባዬን ልስጥ? ኧረ ምን ሲደረግ! ልብሳቸው ሰውነታቸው ላይ የተጣበቀ ሌሎች ሳይክለኞች በአጠገባችን እያለፉ ይሄዳሉ። የነሱ ደግሞ ጉድ ነው። ፊት ያለው ጥቂት ይሄድና ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ሁለተኛው ይተካዋል፣ እሱም ይመለሳል። አውቶቡስ ነጂው፣ እዩአቸው ሲጋፉ፣ እነዚህ ሰዎች መከባበር አልፈጠረባቸውም ይላል። እኔም ከልቤ እስቅ ነበር።

ጋሼ አንድም ቀን ፊቱን ለቀው አያውቁም። ነፋሱ ሲበረታ ጎንበስ ይላሉ፤ አንገታቸውን ቀብረው ይገፋሉ እንጂ አይቆሙም። እውነቴን ነው፣ ከኋላ ሆኜ ያችን ጀርባ ሳይ እንዲህ ያለ ሰው ስላወቅሁ ደስ ይለኛል። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ቀዘቀዙ። እኛም ከኋላቸው ቀዘቀዝን። ፔዳሉን ሁለቴ መትተን ሦስቴ እያረፍን፣ ለሰንበት ምን እንደሠራን እያወራን እንከተላቸዋለን። አፉላ ስንደርስ የሳቸው ከንፈር ደርቆ ነጭ ሆኗል፤ የኛን ሸሚዝ ላብ እንኳ አልነካውም። ዕድሜ ነው አልን። ሌላ ነገር ይኖራል ብሎ ያሰበ አንድም ሰው አልነበረም።

አንድ ማክሰኞ መሀል ከተማ ከሱቅ ስወጣ ባለቤታቸውን አገኘኋት። ክንዴን ይዛ ወደ ጥግ ወሰደችኝ። ጋሼ ዓርብ ከጉዞ ሲመለሱ ወለሉ ላይ ተዘርግተው እንደሚቀሩ፣ የሰንበቱን እራት እንኳ በቅጡ እንደማይበሉ ነገረችኝ። ሐኪሙ ልባቸውን አይቶ ደህና ነው ብሏል። እሳቸው ግን ጉልበቴ አልቋል፣ ሰዎቹንም እየጎተትኳቸው ነው፣ የፊታችን ዓርብ የመጨረሻዬ ነው ብለዋል። «ሳይክሉን የተወ ቀን ቤት ተቀምጦ ነው የሚያልቅብኝ» አለችኝና ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። መስማቴን እንዳላሳያቸው አስምላኝ ሄደች። በዚያ ሳምንት ሥራ ላይ ቀልቤ የለም። ካሮቱን ከዱባው ጋር አሽጌ አለቃዬ ሁለቴ ጮኸብኝ፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን መልስ አላጣም ነበር።

ዓርብ ደረሰ። ጋሼ ሳይክላቸውን አጥበው፣ ወልውለው መጡ። ጎማችንን አንድ በአንድ፣ ከወትሮው ቆየት ብለው አዩ። መንገዱን እንደሁልጊዜው መሩን። ምንጩ ጋ ዳቦው ከተበላ በኋላ ፓምፗን ከነጨርቋ አወጡና ጭኔ ላይ አስቀመጧት።

«ከእንግዲህ ጎማቸውን አንቺ ታይላቸዋለሽ» አሉ።

ለሁላችንም ተናገሩ። አካል አልታዘዝ ብሏል፣ እናንተም በኔ ምክንያት አትዘግዩ፣ እስከዛሬ ስላከበራችሁኝ አመሰግናለሁ አሉ። ከዚያ እግራቸውን ሊታጠቡ ወደ ውሃው ወረዱ። ማንም ቀና ብሎ ማንንም አላየም። አውቶቡስ ነጂው መነጽሩን አውልቆ ሲጠርግ፣ ሲጠርግ ቆየ። እኔ ፓምፗን ይዤ ቁጭ ብያለሁ፤ ጨርቋ የሳቸውን ኪስ ትሸታለች።

ከጎናችን ባለው ዛፍ ሥር አንዲት ፀጉሯ የሸበተ ሴት ሳይክሏን አስተኝታ ብርቱካን ትበላ ነበር። ከነዚያ ልብሳቸው ከተጣበቀው አንዷ ናት፤ በዚህ መንገድ ስታልፈን ብዙ ጊዜ አይተናታል። ተነስታ መጣችና በዕብራይስጥ ይቅርታ ጠይቃ፣ ዓመታት ሳያችሁ የሚገርመኝን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ አለች።

«ሽማግሌው ምን በድሏችሁ ነው ሁልጊዜ ነፋሱ ላይ የምታስቀምጡት?»

ደሜ ፈላ። አንቺ ስለ መከባበር ምን ታውቂያለሽ፣ እኛ ፊት ያስቀመጥናቸው ስለምናከብራቸው ነው አልኳት። አልተቆጣችም። መሬት ላይ ተንበርክካ ስድስት የብርቱካን ልጣጭ ደረደረች። ነፋሱ የሚመታው ፊተኛውን ነው አለች፤ ከኋላ የተጠጉት በሱ ከለላ ነው የሚሄዱት። ለዚህ ነው እኛ በየጊዜው የምንቀያየረው። የደከመውን፣ ያረጀውን ከኋላ እናደርገዋለን። ይህን ብላ ልጣጯን ሰብስባ፣ መልካም ሰንበት ብላን ሄደች።

ወይ ጉድ! እነዚያ ሲጋፉ እያልን የሳቅንባቸው ሰዎች ለካ እየተረዳዱ ኖሯል። እኛ ለጋሼ ክብር ብለን የሰጠናቸው፣ ስድስት ሰው የሚካፈለውን ነፋስ ነው። አውቶቡስ ነጂው ራሱን ያዘ። በየቀኑ ሞተረኞች ነፋሱን ሸሽተው ከአውቶቡሴ ኋላ ሲለጠፉ አያለሁ፣ እንዴት ይሄ ሳይታየኝ ቀረ አለ። ጥያቄው ለጋሼ ማን ይንገራቸው ነው። ትልቅን ሰው ከኋላ ይሁኑ ማለት ለማንም አይቀልም። አምስታችን ተያየንና አራቱ እኔን አዩ። አፌ እንደማያርፍ ያውቃሉ።

ጋሼ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ያደርቃሉ። አጠገባቸው ቆምኩና መልሱን እኔ ልምራ አልኳቸው። ፊታቸው ጠቆረ።

«ገና ሳልሄድ ቦታዬን ተካፈላችሁት?»

ያች ንግግር ልቤን ወጋችኝ። ስለ ነፋሱ ነገርኳቸው፤ ሴትየዋ እንዳስረዳችን አድርጌ ለማስረዳት ሞከርኩ። እጃቸውን አወናጨፉ። ነፋስ ለሁሉም ነፋስ ነው፣ በመጨረሻ ቀኔ እንደ በሽተኛ ከኋላ አትጎትቱኝም አሉ። ለምኜ አልሆነ ሲለኝ ተናደድኩ። ንዴቴ ነው ያወጣኝ።

«ጋሼ፣ አንቱ እኔን ሲያስተምሩኝ የት ነበሩ? ፊቴ ነበሩ?»

«ከኋላሽ ነበርኩ» አሉ።

«ታዲያ ያን ቀን አንሰው ነበር?»

አንዱን ጫማ አሰሩ፣ ሌላውን አሰሩ። ከዚያ ቀና ሳይሉ «በይ ምሪ» አሉኝ።

ፊት ወጣሁ። ባሕር ዛፎቹን እንዳለፍን ነፋሱ ደረቴን በሁለት እጁ የሚገፋኝ መሰለኝ። ጆሮዬ ከሱ ሌላ አይሰማም። ትንሽ ሳልሄድ ጭኔ ተቃጠለ፣ ጉሮሮዬ ደረቀ። እኔ የሃምሳ አምስት ዓመት ሴት፣ ሥራ የለመደ ሰውነት ያለኝ፣ ይህን ያህል ከሆንኩ እሳቸው እንዴት ቻሉት? በየዓርቡ፣ ብቻቸውን፣ እኛ ከኋላ ስለ ምግብ እያወራን! አፈርኩ። ደግሞ ከኋላዬ ምንም ድምፅ የለም። ቀርተው ይሆን? ተቀይመው ተመልሰው ይሆን? ዞሬ እንዳላይ ፊት ፊቱን እዪ ብለው ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። አላየሁም፤ ገፋሁ።

ከዚያ ድምፃቸው መጣ፣ ከጀርባዬ፣ ቅርብ።

«አንቺ!»

«አቤት ጋሼ»

«ይህን ሁሉ ዓመት እንዲህ ተንደላቃችሁ ነው የምትመጡት?»

አውቶቡስ ነጂው ሳቀ፤ ከኋላው ያሉትም ሳቁ። ጋሼም እየሳቁ ይሰድቡናል፤ እናንተ ሌቦች፣ እኔ ሞቴ ደርሷል ብዬ ለሚስቴ ስናዘዝ እናንተ ተኝታችሁ ትነዳላችሁ ይላሉ። ሳቃቸው ትንፋሽ ያለው ሳቅ ነበር። እንባዬ ወረደ፤ ነፋሱ ነው ብዬ አልዋሽም። ጥቂት ቆይቶ አውቶቡስ ነጂው ፊት ወጥቶ ተካኝ፤ እሱን ደግሞ ሌላው ተካው። የከተማው ሕንፃዎች መታየት ሲጀምሩ ጋሼ ከመስመሩ ወጡና፣ ተራዬ ነው፣ ማንም እንዳይከለክለኝ ብለው ወደ ፊት አለፉ። ማንም አልከለከላቸውም። ጥቂት መርተውን፣ ደግሞ ሳይነገራቸው ወደ ኋላ ተመለሱ።

ጣቢያው ጋ ስንደርስ ወታደሮቹ አብዛኞቹ ሄደዋል። ሁላችንም ሳይክላችንን ግንቡ ላይ አስደገፍን። የጋሼን ከንፈር አየሁ፤ ላብ ነበረበት እንጂ ነጭ አልነበረም። ወደኔ መጡና ምንም ሳይናገሩ መዳፋቸውን ዘረጉልኝ። ቦርሳዬን ከፍቼ ፓምፗን ሰጠኋቸው። ጨርቁን አስተካክለው ጠቀለሏትና ወደ ቦታዋ መለሷት።

ከዚያ ጎንበስ ብለው የፊት ጎማዬን በአውራ ጣታቸው ጫን አደረጉት።

«ርቦታል» አሉ። «ለዓርብ ቀደም ብለሽ ነይ፤ እሞላልሻለሁ።»