መምህር ታደሰ የተከሰሱበት ተውኔት

ጦርነቱ አልፎ ወደ ከተማችን ወደ ግራና ስንመለስ ትምህርት ቤቱ ወንበር አልነበረውም፤ ለማገዶ ሄዷል። ሰሌዳው ግን ተበሳስቶም እንደተሰቀለ ነበር። አንዲት ወጣት አስተማሪ ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ፍለጋ ሱቄ መጣች። ሰብራ፣ ጥቁሩን ወቅጣ፣ በቅጠል ጭማቂ ለውሳ ሰሌዳውን ልታጠቁርበት ነው። ያለኝን አንድ ፌስታል ሙሉ ሰጠኋት፤ ስትቀባም ሄጄ ቆሜ አየሁ። የጥሬ ቅጠሉና የጥላሸቱ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው የሰላሳ ምናምን ዓመት መንገድ በአንድ ትንፋሽ መለሰኝ። ይህን ሽታ የማውቀው ከመምህር ታደሰ እጅ ነው።

መምህር ታደሰ ወደ እኛ የመጡት ያኛው የሰሜን ጦርነት በተፋፋመበት ዘመን ነው። ያኔ መርሳ ገበያ ውሎ የተመለሰ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው የማሽላ ዋጋ ሳይሆን ስንት መኪና ወታደር ወደ ወልድያ እንዳለፈ ነበር። መምህሩ ረጅም፣ ቀጭን ናቸው፤ የካኪ ኮታቸው ክርን በሌላ ጨርቅ ተጥፏል። ትውልዳቸውን ሲጠየቁ "ሩቅ ነው" ብለው ያልፉታል። ዘሩ ያልታወቀ ሰው እኛ ዘንድ ሚዛን ላይ እንዳልወጣ እህል ነው፤ ሁሉም በእጁ መዝኖ የየራሱን ይናገራል።

ስለ ተውኔት ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። "ግጭት ምንድነው?" ይሉና "አንድ በሬ፣ ሁለት ገዢ" ብለው ሰሌዳው ላይ ይጽፋሉ። ጡዘት ደግሞ ሁለቱ ገዢዎች ገመዱን እኩል የያዙበት ቅጽበት ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ነግጄም ከዚህ የተሻለ ፍቺ አላገኘሁለትም። የጎንዮሽ ንግግር ማለት ተመልካቹ የሚሰማው፣ አጠገብ የቆመው ገጸ ባሕርይ ግን የማይሰማው ነው፤ ይህንንማ ደላሎቻችን ሳይማሩ ያውቁታል።

ለማስተማሪያ ብለው አንድ ተውኔት ራሳቸው ጻፉ። አንዲት ልጅ ትታመማለች፤ አገሩ ሸክላ ሠሪዋን "ቡዳ ነሽ፣ በዓይንሽ በላሻት" ይላታል፤ ከዚያ አውጫጪኝ ይጠራል። አውጫጪኝ እኛ አገር ጥፋተኛ የሚፈለግበት ሸንጎ ነው። ሰው ሁሉ ይሰበሰባል፣ ያየ ያየውን፣ የሰማ የሰማውን በመሐላ ይናገራል፤ እስኪታወቅም ደግሞ ደጋግሞ ይጠራል። ከሳሹ እኔ ሆንኩ። ታማሚዋ ሰዓዳ ሆነች፣ የጨርቅ ነጋዴው የጋሼ ይማም ልጅ። ሸክላ ሠሪዋን የሚጫወት ግን ጠፋ። እናቴ ትምህርት ቤት ድረስ ሄዳ፣ "መምህር፣ በጨዋታ የተለጠፈ ስም በእውነት አይላቀቅም፤ የሰው ልጅ እንዳያበላሹ" አለቻቸው። እሳቸውም ነጠላ ተከናንበው ራሳቸው ገቡበት።

ትዕይንቱ ሁለት ቀን ሲቀረው ሰዓዳን ከክፍሉ ጀርባ ግድግዳ ተደግፋ ስትንቀጠቀጥ አገኘኋት። ንዳድ ይዟታል።

"ሰይዶ፣ እናቴ ከሰማች ታስቀረኛለች። ለማንም እንዳትናገር፣ በአላህ ማል።"

ማልኩ።

በገበያ ቀን ተውኔቱ ታየ። መምህሩ ከነጠላው ሥር ቀና ብለው "ልጄ፣ ዓይኔ ምን አደረገሽ?" ሲሏት ሰዓዳ ወደቀች። እንደዚያ አድርጎ የወደቀ ተዋናይ አይተን አናውቅም፤ ሕዝቡ አጨበጨበ። እሷ ግን አልተነሳችም። ጭብጨባው እየሳሳ ሲያልቅ ከኋላ አንዲት ሴት "በላት" አለች። ጮኻ አይደለም፤ የበርበሬ ዋጋ እንደምትናገር ብቻ።

ከዚያ ወዲያ ከመምህሩ ጋር ማዕድ የቀረበ የለም። በዚያ ሰሞን ደግሞ ቀበሌው ለግንባር ከተጠየቀው ሰው አንድ ጎድሎበት ነበር። "ቡዳውን ስጡ" የሚል ወሬ ከአፍ ወደ አፍ ዞረ። አርብ ከጁምዓ በኋላ ሾላው ሥር አውጫጪኝ ተጠራ፤ አሁን የእውነቱ። የመሩት የአገር ሽማግሌው ሼህ አሊ ናቸው።

መምህሩ እንዲናገሩ ሲፈቀድላቸው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። "ልጅቷ የታመመችው መቼ ነው? የትስ ሆና?"

"ፊታችን ወደቀች እኮ" አለ ጋሼ ይማም።

"ስትወድቅማ እኔም አይቻለሁ። የታመመችው መቼ ነው?"

ከሰዓዳ ሌላ መልሱን የሚያውቀው አንድ ሰው ነበር፤ እሷ ተኝታለች። ተራዬ ሲደርስ "አላየሁም፣ አልሰማሁም" አልኩ። ለሰዓዳ ምዬላታለሁ ብዬ ራሴን አባበልኩ። እውነቱን ለመናገር የፈራሁት ጋሼ ይማምን ነው፤ የልጁን ሕመም ደብቄ መገኘቴን። ሸንጎው ለሰኞ ተቀጠረ።

ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ። ሰኞ ተነስቼ ተናገርኩ። ክኒን ውጣ የተሻላት ሰዓዳም ተጠርታ "እውነቱን ነው" አለች።

"ይማም፣ ሰማህ?" አሉ ሼህ አሊ። "በል ተነስና የሰውየውን ጉልበት ያዝ።"

ጋሼ ይማም አንገቱን ደፍቶ ሄደ፤ መምህሩም ጎንበስ ብለው አነሱት። ነገሩ ያለቀ መሰለን። የቀበሌው ሊቀመንበር ግን ጉሮሮውን ጠረገ።

"እኔም ደስ ብሎኛል። ስማቸው ግን ቅዳሜ ወልድያ ሄዷል። የሄደ ስም አይመለስም።"

ያ ሁሉ ሕዝብ "አስመልስ" አላለም። አንድ ስም ከተሰረዘ ሌላ ስም ይጻፋል፤ በየቤቱ ደግሞ ወንድ ልጅ አለ። ቅድም ቡዳ ያላቸው ሰው አሁን በሐዘኔታ አያቸውና መሬት መሬቱን አየ።

ረቡዕ መኪናው ሊነሳ ሲል አጠገባቸው ደረስኩ።

"መምህር፣ አርብ ተናግሬ ቢሆን…"

"አርብ ብትናገር እቀር ነበር" አሉ። አላባበሉኝም። "ሰኞም ባትናገር ቡዳ ተብዬ እሄድ ነበር። ሁለቱንም ያዝ፣ ሰይድ።"

ከዚያ ወዲያ ወሬያቸውን የሰማ የለም።

እኔ ዘንድ የቀረው ጥያቄያቸው ነው። ሰው በሰው ላይ ነገር ይዞ ሲመጣ መቼና የት ብዬ እጠይቃለሁ፤ በዚህም ገበያው ችክ ያለ ሰው ይለኛል። የአሁኑ ጦርነት ባለፈ ማግስት ሦስት ጎረቤቶቼ የአንዲት ሻይ ሻጭ ስም ይዘው ሱቄ መጡ። ቤታችንን ለዘራፊ ያሳየች እሷ ናት አሉ።

"መቼ? የት ቆማ አያችኋት?" አልኳቸው።

ሁለቱ ሊያጣሩ ሄዱ። አንዱ እስከ ዛሬ ሰላም አይለኝም።