የራሊፃ ቦታ በምንጣፉ ላይ

ራሊፃ ያደገችው ዳኑብ ወንዝ ዳር ባለች ሎም በምትባል ከተማ ነው። እናቷ ፅቬታ ዳቦ ቤት አላት። አይብ የተሞላው ባኒፃዋ ገና ከምድጃ ሳይወጣ ሰው ደጅ ላይ ይሰለፍለታል። የገዛ ልጇ ግን ሽታውን እያሸተተች ማለፍን በሕፃንነቷ ለመደች። በሎም ጂምናስቲክ ያልሞከረች ልጅ የለችም፤ አብዛኞቹ ርሃቡ ሲጠናባቸው ይተዉታል። ራሊፃ ግን ችክ አለች። ገና ልጅ ሳለች ሻንጣዋን አንጠልጥላ ዋና ከተማው ሶፊያ ገባች፣ ከዚያ በኋላ ሎምን የምታያት ለበዓል ብቻ ሆነ።

ባለፈው ኦሎምፒክ ስድስተኛ ነበረች። በቡድን ሪትሚክ ጂምናስቲክ፣ በሙዚቃ እየተገለበጡ ትልቅ ቀለበትና ኳስ በሚወራወሩበት፣ አምስቱ ምንጣፍ ላይ ሲሆኑ ስድስተኛዋ ተጠባባቂ ሆና ጥግ ላይ ናት። የአምስቱንም ሥራ ታውቃለች፤ ሰው ካልታመመ ግን አትገባም። ሰው ይታመም ብሎ መጸለይ ነውር ነው፣ አይታመም ብሎ መጸለይም ሆድ ያቃጥላል። ያኔ ማንም አልታመመም። ራሊፃ ውድድሩን ልብሷን እንደለበሰች፣ ፀጉሯን እንደጠቀለለች፣ ከወንበር ላይ ሆና አየችው። ለሚቀጥለው ምንጣፉን ሳልረግጥ አልቀርም ብላ ለእናቷ የማለችውም ያን ለት ነው።

አሁን ያ የሚቀጥለው ደርሷል። ራሊፃ ከአምስቱ አንዷ ናት፤ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፣ በዚህ ሙያ አሮጊት ትባላለች። ቀኝ ቁርጭምጭሚቷ በየማለዳው ያብጣል። እሷም በየማለዳው ጠቅልላ አስራ ምንም እንዳልሆነ ትራመዳለች።

አሰልጣኟ ኔቬና ቀልድ የማያውቁ ሴት ናቸው ይባላል። ያውቃሉ፣ ግን አያባክኑትም። ከሳቸው በፊት ከነበሩት የወረሱት አንድ ሕግ አለ። ቀለበት ሲወድቅ፣ ኳስ ሲያመልጥ «ጣለችው» አይባልም። ማንም ይጣል ማን፣ አምስቱም «ጣልነው» ይላሉ። «እሷ ናት» ብላ ጣቷን የቀሰረች ልጅ ሳምንቱን ሙሉ ምንጣፍ ስትጠርግ ትከርማለች።

በዚያ ጸደይ ሶፊያ ላይ፣ በገዛ ሕዝባቸው ፊት፣ ቀለበት ወደቀ። ወርዋሪዋ ዮአና ነበረች፣ የራሊፃ ጓደኛ፣ አብራት የምታድር። ቀለበቱ ከምንጣፉ ማዶ ተወርውሮ ራሊፃ ተገላብጣ ስትነሳ እግሯ ላይ ማረፍ ነበረበት። አጥሮ መጣ። ራሊፃ እግሯን ዘረጋች፣ አልደረሰችም። ቀለበቱ መሬት መትቶ እየተንከባለለ እስከ ዳኞቹ ጠረጴዛ ሄደ፤ አዳራሹ በአንድ አፍ «ውይ» አለ። አጭር ውርወራ ለሕዝብ አይታይም። ለሕዝብ የሚታየው ባዶ እጇን የቀረችው ናት። ማምሻውን የስልኩ ዓለም ሁሉ «አሮጊቷን አስወጡልን» ይል ጀመር።

«ትከሻሽ ነው፣ አይደል?» አለቻት ራሊፃ መኝታ ክፍላቸው ውስጥ።

«ትንሽ ነው እኮ። ከመርፌው በኋላ ደህና ነበር።»

«ለእትዬ ኔቬና ነግረሻል?»

«ብነግራቸው ያስወጡኛል።» ዮአና አይኗን ከትራሱ አላነሳችም። «ልትነግሪያቸው ነው?»

«እኔ ምን አገባኝ። ጣልነው፣ አለቀ።»

«ሰው ግን አንቺን ነው የሚሰድበው።»

«ይስደብ። ስድብ አያሳብጥ፣ ለማበጡ ቁርጭምጭሚቴ ይበቃኛል።»

ዮአና ሳቀች፣ ወዲያው ደግሞ አለቀሰች። ራሊፃ መብራቱን አጠፋችና ሆድ ይፍጀው ብላ ተኛች። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ።

በሦስተኛው ቀን ኔቬና አስጠሯት። ገብታ ስታይ ዮአና ቀድማ ተቀምጣለች፣ አይኗ ቀልቷል።

«ዮአና ነገረችኝ፣» አሉ ኔቬና። «ውርወራዋ አጭር ነበር አለችኝ።»

«ጣልነው፣ እትዬ።»

«እሱን አሁን ተይው። አጭር መሆኑንማ ገና ከእጇ ሲወጣ አይቻለሁ።»

ራሊፃ ቀና አለች። ያን ሁሉ ስድብ የዋጠችው በከንቱ አልነበረም፣ እውነቱ ታውቋል። አፏን ልትከፍት ስትል ኔቬና ቀደሟት።

«ጥሩ ውርወራማ ማንም ይይዛል፣ ልጄ። አንቺን እዚያ ቦታ ላይ ያቆምኩሽ መጥፎውን ስለምትይዢ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ቢሆን ትይዢው ነበር። እግርሽን አየሁት፣ እንቢ አለሽ። የሷ ትከሻ ካረፈ ይድናል ብሏል ሐኪሙ። ያንቺን ግን ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም።»

ራሊፃ ቁርጭምጭሚቷን ቁልቁል አየች። እውነት ነበር።

«ካሊና ናት የምትገባው፣ ስድስተኛዋ?» አለች።

ኔቬና ራሳቸውን ግራና ቀኝ ወዘወዙ። ራሊፃ ለውድድር በሄደችባቸው አገሮች ይህ ውዝዋዜ «አይደለም» ማለት እንደሆነ አይታለች። እዚህ ግን «አዎ» ነው። በዚያች ቅጽበት የሌላ አገር ሰው ብትሆን በወደደች።

«እኔን አስወጡኝ፣ እትዬ፣» አለች ዮአና።

«ዝም በይ። ሰማዕት አልፈለግሁም፣ ወርዋሪ ነው የፈለግሁት።»

በቡድኑ ልማድ ቦታዋን የምትለቅ ልጅ ለምትተካት ራሷ ታስረክባለች። ልማድ ነው እንጂ ግዴታ አይደለም፤ በዚያው ቀን ሻንጣቸውን ይዘው የሄዱ አሉ፣ የወቀሳቸውም የለም። ራሊፃም ሻንጣዋን አውጥታ ግማሹን ሞልታ ነበር። ካሊና በር ላይ መጥታ ቆመች፤ ስድስተኛዋ ናት፣ ገና አሥራ ሰባት ዓመቷ።

«እታለም ራሊፃ... አይሆንልኝም ብትዪኝ አልቀየምሽም።»

ራሊፃ ጠላቻት። ቀጭን አንገቷን፣ ጤነኛ እግሯን፣ ትሕትናዋን ሳይቀር ጠላችው። ከዚያ የልጅቷን ፀጉር አየች፤ ስለት የተገባ ይመስል ጥብቅ ተደርጎ ተጠቅልሏል። ጥግ ላይ የምትቀመጥ ልጅ፣ ማንም ባይጠራት እንኳ፣ ፀጉሯን እንዲያ ነው የምትጠቀልለው።

«ነገ ጠዋት ነይ፣» አለቻት። «ባዶ ሆድሽን ደግሞ እንዳትመጪ።»

አስረከበቻት። የት እንደሚተነፈስ፣ በየትኛው ዙር ማን ከፊት እንደምታልፍ፣ ሙዚቃው ሲጎትት እንዴት እንደሚታለፍ አስተማረቻት። በራሷ ልክ የተሰፋውን የውድድር ልብስ ዳር ዳሩን ራሷ ፈትታ ለካሊና አጠበበችው፤ ፈርጦቹ ጣቷን ወጉት። አንድ ነገር ግን አስቀረች። አስቦበት የሚሰስት ሰው እንደሚሰስተው ሰሰተችው። ቢያንስ ይህች እንኳ የኔ ትሁን አለች።

ቡድኑ ለኦሎምፒኩ ወደ አየር ማረፊያ በሚሄድበት ጠዋት አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቷል። ራሊፃ ሁሉንም ስማ ጨርሳ ወደ ኋላ ተመለሰች። ከዚያ እንደገና ዞራ የአውቶቡሱን መስኮት አንኳኳች። ካሊና ወረደች።

«ስሚኝ። ዮአና ትከሻዋን ሲያማት ክርኗ ወደ ጎድኗ ይጠጋል። ያኔ ቀለበቱ አጭር ነው የሚመጣው። ቆመሽ አትጠብቂው፣ ከመገልበጥሽ በፊት አንድ እርምጃ ወደሷ ግቢ።»

«እትዬ ኔቬና ይሄን አልነገሩኝም።»

«እሳቸው ከጎን ነው የሚያዩት። ፊት ለፊቷ የቆምኩት እኔ ነኝ።»

«ያን ለትስ... አይተሽው ነበር?»

«አይቼዋለሁ። እግሬ ነው ያልሰማኝ። ግቢ አሁን፣ ጥለውሽ እንዳይሄዱ።»

አውቶቡሱ ከታጠፈ በኋላ ራሊፃ የስልጠናው አዳራሽ ደረጃ ላይ ተቀምጣ እንደ ሕፃን አለቀሰች።

የውድድሩ ቀን ሎም ላይ የእናቷ የፅቬታ ዳቦ ቤት ሞልቷል። ቴሌቪዥኑን የዱቄት ጆንያ ላይ አስቀምጠውታል። ጎረቤታቸው ጋሽ ፔንቾ ባኒፃቸውን እየጎረሱ፣ «አንቺ ብትኖሪ ነበር መታየቱ፣ ከዚህች ከሲታ ይልቅ፣» አሉ።

«እሱን እየበሉ ዝም ይበሉ፣ ጋሽ ፔንቾ፣» አለች ፅቬታ።

ራሊፃ ከመደርደሪያው ጀርባ ቆማለች። ሙዚቃው ተጀመረ፤ እያንዳንዱን ምት ጉልበቷ ያውቀዋል። ልውውጡ ደረሰ። ዮአና ቀለበቱን አነሳች፣ ክርኗም ወደ ጎድኗ ተጠጋ። ሌላ ማንም አላየውም። አስተላላፊው ስለ ልብሶቹ ቀለም እያወራ ነበር።

ካሊና አንድ እርምጃ ገባች። ተገለበጠች፣ እግሯን አነሳች፣ አጭሩ ቀለበት ሌላ መንገድ እንደሌለው ሆኖ እግሯ ላይ አረፈ።

ዳቦ ቤቱ ውስጥ አንድ ትሪ ባኒፃ ወለሉ ላይ ተበተነ። የራሊፃ እግርም ያችኑ እርምጃ ተራምዶ መደርደሪያውን መትቶት ነበር፣ ያው የታመመው እግሯ።

ጋሽ ፔንቾ ዞር አሉ። «ምን ነካሽ ልጄ? ምን ሆነ?»

ራሊፃ አይኗን ቴሌቪዥኑ ውስጥ ካለው ምንጣፍ አልነቀለችም። እንባዋ እስከ አገጯ ወርዷል።

«ያዝነው፣» አለች።