የጮኸባቸው ሰዎች መጽሐፍ

ይገዙ ሰው መኪና መንዳት ሲያስተምር ሃያ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ኮልፌ ውስጥ «ለማጅ» የሚል ታፔላ በተለጠፈባት አሮጌ መኪናው ያልተርበተበተ አለ ለማለት ያስቸግራል። ወሬ ደግሞ ያውቅበታል። ለቅሶ ቤት እንኳ ተቀምጦ ስለ ተማሪዎቹ ሲያወራ ሰው ሳቁን በነጠላው ይሸፍናል። «ይሄን እኮ መጽሐፍ ብታደርገው!» ያላለው የለም። አመነ። ያመነ ቀን ነው መከራው የጀመረው።

ሁለት ዓመት ሙሉ መግቢያ ጻፈ። «ተሽከርካሪ ለሰው ልጅ ሥልጣኔ ያበረከተው ጉልህ አስተዋጽኦ» ብሎ ይጀምራል፤ ይቀደዋል። «ከጥንት ከጠዋቱ» ብሎ ይጀምራል፤ እሱንም ይቀደዋል። አፉ ላይ እንደ ውሃ የሚፈሰው ወሬ እስክሪብቶ ሲይዝ ድርቅ ይላል። ሚስቱ ፀዳለ ያነበበላትን ሁሉ «ግሩም ነው» ትለዋለች፣ ሽንኩርቷን እየከተፈች።

«ምኑ ነው ግሩሙ?»

«ሁሉም።»

ይሄ ከምንም በላይ ያበሽቀዋል።

እንደ ምንም አርባ ገጽ ሲሞላ ለሌሊሴ ወስዶ ሰጣት። ሌሊሴ የድሮ ተማሪው ናት፤ አሁን ዓለም ባንክ አካባቢ አንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ አራሚ ሆናለች። ሦስት ሳምንት አቆይታ ቤቴል አንድ ካፌ ቀጠረችው። ደብተሩን ስትከፍተው ሠላሳ አንዱ ገጽ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ከጥግ እስከ ጥግ ተሰምሮበታል።

«ምንድነው ይሄ?»

«ጋሼ፣ የመኪናን ታሪክ ማንም ሊጽፈው ይችላል። የመጨረሻዋ ዘጠኝ ገጽ ግን የእርስዎ ናት። ከእሷ ይጀምሩ። መግቢያ መጨረሻ ላይ ይደርሳል።»

«ሁለት ዓመት የለፋሁበትን?»

«አዎ። ዘጠኙ ገጽ ላይም አንድ ጥያቄ ጽፌያለሁ።»

ዘጠኙ ገጽ ይገዙ ሁልጊዜ የሚያወራት ቀልድ ናት። ባሏ የሞተባት ሴት፣ ጥቁር እንደለበሰች፣ የሟቹን ፒክአፕ ለመንዳት ልትማር መጣች። በሦስተኛው ቀን የአስኮ ዳገት ላይ የመኪናው ሞተር ሦስቴ ጠፋባት። ይገዙ ጮኸባት። ሴትዮዋ በሩን ከፍታ፣ መኪናውን ከነአስተማሪው መንገድ መሀል ጥላ በእግሯ ሄደች። ሰው የሚስቀው እዚህ ላይ ነው። ሌሊሴ በኅዳጉ «ያን ቀን እርስዎ ምን ተሰማዎት?» ብላ ጽፋለች።

«ቀልድ እኮ ነው!» አለ ይገዙ። «ሰው በሳቅ ነው የሚሞተው።»

«እኔ አልሳቅኩም። እኔም ላይ እዚያው ዳገት ላይ ጮኸውብኛል።»

ማኪያቶውን ሳይጨርስ ተነስቶ ወጣ። ወር ሙሉ ደብተሩን አልነካም። ‘ትናንት ፍሪሲዮን ከፍሬን ያልለየች ልጅ!’ እያለ ለብቻው ይነጫነጫል። ግን ጥያቄዋ አልለቀቀውም። ሴትዮዋ የዚያን ቀን ነጠላዋን መቀመጫው ላይ ረስታው ነበር። ቤቷን ያውቃል፤ ግን አልወሰደላትም። ይሄን ለማንም አውርቶ አያውቅም።

ለሌሊሴ ደውሎ፣ ይቅርታ ሳይጠይቅ፣ «እንዴት ነው የሚጻፈው?» አላት። ሌሊሴም እንዳልተቀየመች ሆና መለሰች። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ይጻፉ፤ ሲጽፉ አያርሙ፤ ምንም ቢያስጠላዎት አይቅደዱ፤ የጻፉትን ማታ በስልክዎ ፎቶ አንስተው ያስቀምጡ። በማግስቱ ጠዋት፣ የመጀመሪያው ተማሪ ሳይመጣ፣ ደብተሩን መሪው ላይ አስደግፎ ጀመረ። አንዳንድ ቀን ሦስት መስመር ጽፎ መሪውን በቡጢ ይነርታል። በአራት ወር ዘጠኙ ገጽ አሥራ ዘጠኝ ሆነ። ነጠላውም፣ የሴትዮዋ ለቅሶም ገባበት።

ሌሊሴ አንብባ ጨረሰች። ከዚያ፣ «ሴትዮዋን ጠይቀዋታል?» አለችው።

«ስሟን አልጻፍኩም እኮ።»

«ሰፈሯ ያውቃታል።»

ሄደ። በሩን ራሷ ከፈተችለት፤ ከኋላዋ ግቢው ውስጥ ፒክአፑ ቆሟል። መንዳቱን ሌላ ዘንድ ተምራለች። ይገዙ አሥራ ዘጠኙንም ገጽ አነበበላት። እስከ መጨረሻው አዳመጠችው።

«በደንብ ጽፈውታል» አለችው። «ግን አይሆንም።»

«ለምን? ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ እኮ ነው የጻፍኩት!»

«እርስዎማ ይናዘዙበታል፣ ይቀልልዎታል። እኔ ግን ዳገት ላይ ያለቀሰችው ሴትዮ ሆኜ ልቀር ነው። ይተዉኝ፣ አስተማሪ።»

ከቤቷ እንደወጣ ለሌሊሴ ደወለ። «ጠይቅ ያልሽኝ አንቺ ነሽ! በሕይወቴ አንድ ደህና ነገር ብጽፍ...»

«እምቢታዋን ከታተመ በኋላ ቢሰሙት ይሻል ነበር?»

«አሁን ምን ልጻፍ ታዲያ? ንገሪኛ!»

«ጋሼ፣ በሃያ ስድስት ዓመት የጮኹት እሷ ላይ ብቻ ነው?»

ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋባት። ፌርማታው ጋ ቆሞ ሁለት ታክሲ አሳለፈ። የጮኸባቸው ሰዎች በሐሳቡ ይመጡበት ጀመር፦ መሪ ሲይዝ እጁ የሚንቀጠቀጠው ጡረታ የወጣ ወታደር፣ በልጇ ፊት «ደንቆሮ» ያላት እናት፣ ራሷ ሌሊሴ።

አሥራ ዘጠኙን ገጽ ፖስታ ውስጥ ከቶ አሸገው፤ በማግስቱ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ከአንድ ጀመረ። አሁን ሰባተኛው ሰው ላይ ደርሷል። ከጠየቃቸው ውስጥ ሁለቱ አይሆንም ብለውታል፤ በእያንዳንዱ እምቢታ ሁለት ሦስት ቀን ያኮርፋል፣ ከዚያ ይመለሳል። ፀዳለ ሰሞኑን አንድ ምዕራፍ ሲያነብላት ቢላዋዋን አስቀምጣ «እንደዚህ ክፉ ነበርክ እንዴ?» ብላዋለች። ይሄም አናዶታል።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ዳዊ የሚባል የድሮ ተማሪው በደስታ ተስማማ። «ጻፈው፣ ስሜንም ከነአያቴ ጻፈው። ብቻ ዳገቱን አንድ ጊዜ ሳይጠፋበት ወጣ በልልኝ» አለው።

ዳዊ ያን ዳገት ወጥቶት አያውቅም። ይገዙ ይሄን እንዴት ብሎ እንደሚነግረው እያሰበ፣ ሦስት ጠዋት ሙሉ አንድ መስመር አልጻፈም።